ከሥራ የወጡ የመረጃ መያዣዎች በመዝገበ ዕውቀት ውስጥ የየራሳቸው አንቀጽ ይገባቸዋልን?

1. መነሻ

መዝገበ ቃላትም ሆነ መዝገበ ዕውቀት የሚያሰናዳ ሁሉ ሥራውን ሲጀምር ፊት ለፊት የሚያገኘው ጥያቄ «የትኛው ቃል ይግባ፣ የትኛውስ ይቅር?» የሚለው ነው። ጥያቄው በየዕለቱ ስለምንገለገልባቸው ነገሮች ሲሆን መልሱ ብዙ አያከራክርም። ከሥራ ስለወጡ ነገሮች ሲሆን ግን ሐሳብ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ያለፈ ነገር አልፏል፤ በአንድ አጠቃላይ አንቀጽ ውስጥ ስሙ ቢነሣ ይበቃዋል» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «መዝገብ ይበልጡን የሚያስፈልገው ላለፈው ነው፤ ያለውንማ ሁሉም ያውቀዋል» ሲል ይመልሳል።

በዚህ ጽሑፍ ከሰፊው ጥያቄ አንዱን ክፍል ብቻ ነጥለን እንመለከታለን። ይኸውም ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ቁጥር ይቀመጥባቸው የነበሩና ዛሬ የተተዉ፣ ወይም በመተው ላይ ያሉ መያዣዎችን የሚመለከት ነው። የቀዳዳ ካርድ፣ ፍሎፒ ዲስክ፣ ካሴት፣ ማይክሮፊልም፣ ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የግዕዝ ፊደል ኮዶች፣ እንዲሁም ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድሙት የብራና ሥራ ውጤቶች በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። እያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሰጣቸው? ወይስ «የመረጃ መያዣ» በሚል በአንድ አንቀጽ ሥር ተጠቃለው ቢቀርቡ ይበቃል?

መልሱን ስንፈልግ ማስረጃችንን ከኮምፒዩተር ክፍል ብቻ አንወስድም። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር፣ ጉዳዩን አጥርቶ የሚያሳይ የቆየ ምሳሌ ስላለ ከዘመናዊዎቹ መያዣዎች በፊት እርሱን እንመረምራለን። ከዚያ አስቀድሞ ግን የስያሜውን ጉዳይ ማስተካከል ያሻል።

2. «መያዣ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ፎርማት» የሚለው የውጭ ቃል በአንድ ስም ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ያጠቃልላል። ተርጓሚዎች ቃሉን አንዴ «ቅርጽ»፣ አንዴ «አቀራረብ»፣ አንዴም «ዓይነት» እያሉ የሚመልሱት ከዚህ የተነሣ ነው። ለክርክራችን እንዲያመች ሦስቱን እንደሚከተለው እንለያቸዋለን።

ሀ) ቁስ፦ ጽሑፉ ወይም ድምፁ ያረፈበት ግዙፍ ነገር ነው። ብራና፣ ወረቀት፣ ፊልም፣ ማግኔትነት ያለው ቅባት የተቀባ ፕላስቲክ ቁስ ናቸው።

ለ) አቋም፦ ቁሱ የተሰጠው ቅርጽና ልክ ነው። ያው ብራና ተጠርዞ በሁለት ገበታ መካከል ሲገባ መጽሐፍ፣ በቁመቱ ተቀጣጥሎ ሲጠቀለል ክታብ፣ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ሲደራረብ ሰንሱል ይባላል። ያው የማግኔት ክርም በትልቅ መንኰራኵር ሲጠመጠም ሪል፣ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ሲታሸግ ካሴት ነው።

ሐ) ሥርዐተ አጻጻፍ፦ በቁሱ ላይ ያረፈው ምልክት ምንን እንደሚወክል የሚወስን ስምምነት ነው። ስምምነቱ የሚገኘው ከመያዣው ውጭ ነው፤ በሰው አእምሮ፣ በሌላ መጽሐፍ ወይም በማሽን ውስጥ።

ከሦስቱ አንደኛውና ሁለተኛው በዓይን ይታያሉ፤ በእጅም ይዳሰሳሉ። ሦስተኛው አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

3. የጋይንትና የእስቴ ምሳሌ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድ የሚያቋርጠው የጋይንት አገር በቤተ ክህነት ትምህርት ታሪክ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ስሞች አሉት። አንደኛው የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም ናት። ሁለተኛው የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባ ነው። ከስማዳ፣ ከእስቴም ሆነ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ ትምህርቱን በሌላ ስፍራ ቢያደላድልም የመጨረሻውን ምስክርነት የሚፈልገው ከእነዚህ ነው። በእስቴ በኩል ደግሞ ከሦስቱ የታወቁ የዜማ ስልቶች አንዱ ስሙን የሚጋራት ቆማ ትገኛለች፤ ሌሎቹ ሁለት ስልቶች ቤተ ልሔምና አጫብር ይባላሉ።

ድጓ በብራና ላይ ሲጻፍ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት በአንድ ገጽ ላይ ይኖራል። በጎላ ፊደል የሚጻፈው የግዕዙ ንባብ ነው። በንባቡ ራስ ላይ በደቂቅ ፊደል የሚጻፈው ደግሞ የዜማው ምልክት ነው። ይትበሃሉ ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ፣ ምልክቱን ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) ለነበሩት ለጌራና ለራጉኤል ይሰጣል።

ከምልክቶቹ ከፊሎቹ ፊደል ያልሆኑ ቅርጾች ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ። ብዙዎቹ ግን ፊደሎች ናቸው። ፊደሎቹ ብቻቸውን ትርጉም የላቸውም። እያንዳንዳቸው ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከያዘው ከአንድ የታወቀ ሐረግ ተቆርጠው የተወሰዱ ናቸው። ባለ ዜማው ምልክቱን ሲያይ ያንን ሐረግ ያስታውሳል፤ የሐረጉንም ዜማ አሁን በሚያነበው ቃል ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ በብራናው ላይ የተቀመጠው የዜማው መጠሪያ ነው፤ ዜማው ራሱ ያለው በመምህሩና በተማሪው አእምሮ ነው።

ከላይ በሰጠነው ክፍፍል መሠረት ቁሱ ብራና፣ አቋሙ ጥራዝ፣ ሥርዐተ አጻጻፉም ምልክቱ ነው። ብራናው ለብዙ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ንባቡን ይረዳዋል። የምልክቱን ትምህርት ያልተማረ ግን ከላይ ያለው መስመር ለእርሱ ዝም ያለ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ጸሐፊ የዘለለውን ፊደል በመስመር መካከል አሳንሶ መጨመሩ የተለመደ ስለሆነ፣ ነገሩን የማያውቅ የዝርዝር መዝገብ አዘጋጅ የዜማውን ምልክት እርማት ነው ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ተርጓሚውም ያንን መዝገብ አምኖ ስሕተቱን ወደ ሌላ ቋንቋ ያሻግረዋል።

እንግዲህ አንድ መዝገበ ዕውቀት «የብራና መጻሕፍት» በሚል አጠቃላይ አንቀጽ ውስጥ «ድጓ የዜማ ምልክት አለው» ብሎ ቢያልፍ የጻፈው ሐሰት አይደለም። ሆኖም አንባቢው ምልክቱን ከእርማት የሚለይበትን ዕውቀት አልሰጠውም። በአንጻሩ «ምልክት (የዜማ)» የሚል የራሱ አንቀጽ ቢኖር፣ አንቀጹ ባለ ዜማ ባያደርገውም በፊቱ ያለው ነገር ምን እንደሆነና ማንን መጠየቅ እንደሚገባው ያሳውቀዋል። በዚሁ ምክንያት «ቆማ» ሁለት አንቀጽ ይገባዋል፤ አንዱ ለደብሩ፣ ሌላው ለዜማው ስልት።

4. ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የግዕዝ ኮዶች

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በእኛው ዘመን በኮምፒዩተር ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ከማስገባቱ በፊት፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ይጠቀም የነበረው በልዩ ልዩ አዘጋጆች የተሠሩ ሶፍትዌሮችንና ፎንቶችን ነበር። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሸራ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ።

አሠራራቸው ባጭሩ እንዲህ ነበር። አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። የግዕዝ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዐተ ነጥቡ ከ300 ስለሚበልጥ በአንድ ፎንት ውስጥ አይበቃም። ከፊሎቹ አዘጋጆች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት። ሌሎቹ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በገጹ ላይ እንዲገጣጠሙ አደረጉ። ሁሉም ግን ለላቲን ፊደል የተመደበውን ቁጥር ለግዕዝ ፊደል ይሰጡ ነበር። የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደሚሰጥ የሚወስነው እያንዳንዱ አዘጋጅ ለብቻው ስለነበር፣ በአንዱ «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው ፍጹም የተለየ ፊደል ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የልዩ ልዩ ምልክት ድብልቅ ነው። ሰነዱ አልጠፋም፤ አንዲት ነጥብም አልጐደለበትም። የጐደለው ከሰነዱ ውጭ የነበረው ቁልፍ ነው። በድጓው ላይ ያለችው ደቂቅ ፊደል ሐረጓን ለማያውቅ ሰው ዝም እንደምትል፣ ይህም ሰነድ ሠንጠረዡ ለሌለው ሰው ዝም ይላል። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው። የድጓውን ቁልፍ የያዘ ሕያው ትምህርት ቤት አለ፤ ለፎንቱ ቁልፍ ግን ማስመስከሪያ ደብር አልተተከለለትም።

ስሞቹም ሌላ ችግር ይጨምራሉ። «ብራና» ቁስ ነው፤ የፎንት ስምም ነው። «ዋሸራ» የታወቀ የጎጃም የቅኔ ቤት ነው፤ የፎንት ስምም ነው። «አጋፋሪ» የቤተ መንግሥትና የግብር ቤት ሹም ነው፤ የሶፍትዌር ስምም ነው። «ይህ ጽሑፍ በብራና የተዘጋጀ ነው» የሚል ማስታወሻ በአንድ የቢሮ መዝገብ ላይ የሚያገኝ ተርጓሚ ምን ብሎ ይተርጕም? ዓመቱ ይረዳው ይሆናል። መዝገበ ዕውቀቱ ግን ሊረዳው የሚችለው ሁለቱን ብራናዎች በየራሳቸው አንቀጽ ለይቶ ያስቀመጣቸው እንደሆነ ብቻ ነው።

5. ነገሩ ሲሄድ ስሙ ይፈልሳል

የቃላት ጥናት ባለሙያ ከሥራ በወጣ መያዣ ላይ የሚያየው ሌላ ነገር የስም ፍልሰት ነው። ነገሩ ሲቀር ስሙ ብዙ ጊዜ አብሮት አይቀርም፤ ወደ አዲሱ ይሻገራል።

«ማኅደር»ን እንውሰድ። ከግዕዙ «ኀደረ» የወጣ ስም ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። ከደብረ ታቦር ብዙ የማትርቀው ማኅደረ ማርያም በዚህ በመጀመሪያው ትርጉም ተሰይማለች። በብራና ሠራተኞች ዘንድ ማኅደር ከቆዳ የሚሰፋ የመጽሐፍ ማደሪያ ነው፤ ማንገቻ አለው፤ መጽሐፉም በእርሱ ሆኖ በግድግዳ ችንካር ላይ ይሰቀላል። በቢሮ ቋንቋ ማኅደር የአንድ ሰው ወይም የአንድ ጉዳይ ወረቀቶች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ሆነ፤ «የግል ማኅደር» እንደምንለው። በኮምፒዩተር አማርኛ ደግሞ ሰነዶች የሚሰባሰቡበት ሥዕላዊ ስፍራ ማኅደር ተብሏል፤ «ማኅደረ ትውስታ» የሚለውም ከዚሁ ወጥቷል። አራቱ ትርጉሞች ተከታትለው የመጡ እንጂ እርስ በርሳቸው የተሻሻሩ አይደሉም።

«ሸክላ»ም እንዲሁ ነው። የጭቃ ሥራ ስም የነበረው የድምፅ ዲስክ ስም ሆነ። በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ያስቀረጹት በሸክላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያሳትም የነበረውም ሸክላ ነው። «ሸክላ አሳተመ» የሚለውን ሐረግ የማያውቅ የውጭ ተርጓሚ ከሸክላ ሠሪ ጋር ቢያያይዘው አይፈረድበትም። «ክር» በካሴት ዘመን «ክሩ ተበጠሰ»፣ «ክሩ ተጠላለፈ» ሲባል ፈትልን አያመለክትም ነበር፤ በስክሪብቶ እየተሽከረከረ የሚጠቀለለውን የማግኔት ክር ነበር። «ቋት»ም ከወፍጮው ሥር ዱቄት ከሚወርድበት ስፍራ ተነሥቶ «የመረጃ ቋት» እስከመባል ደርሷል።

እነዚህ ምሳሌዎች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። የቀደመው መያዣ አንቀጽ ካልተሰጠው የኋለኛው ቃል ትርጉም ሥሩ ይቈረጣል። «ማኅደር» የተባለው የቆዳ ሥራ ሳይመዘገብ የኮምፒዩተሩ ማኅደር ብቻ ቢመዘገብ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ አንባቢ በገድል ውስጥ «ማኅደር» የሚለውን ሲያገኝ በዘመኑ ትርጉም ይረዳዋል።

6. መመዘኛ

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንድ ከሥራ የወጣ መያዣ የራሱ አንቀጽ እንዲሰጠው ምን ማሟላት አለበት? ዝናው፣ ዕድሜው ወይም የተሠራው ብዛት መመዘኛ መሆን የለበትም እንላለን። መመዘኛው የንባብ መሆን አለበት፤ ይኸውም ሥራው ቢቆምም ንባቡ ቆሟል ወይስ አልቆመም? ይህን በሦስት ጥያቄ ልንዘረዝረው እንችላለን።

አንደኛ፣ በዚህ መያዣ የተቀመጠ ነገር ዛሬም አለ ወይ?
ሁለተኛ፣ ያንን ለማንበብ ከዘመዶቹ የተለየ፣ በዓይን የማይታይ ቁልፍ ያስፈልጋል ወይ?
ሦስተኛ፣ ስሙ በጽሑፍ ውስጥ ለብቻው ያጋጥማል ወይ?

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ከሆነና ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ ከተሟላ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሰጠው። ሁለተኛው ካልተሟላ በዘመዱ አንቀጽ ውስጥ ይጠቃለል፤ ስሙ ብቻ በፊደል ተራው ገብቶ ወደዚያ ይጠቁም።

ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም፤ ገበሬው እህሉን በሚያኖርበት ነገር ላይ የሚያደርገው ነው። ጎተራ፣ ጎታና ጉድጓድ ሁሉም የእህል መያዣዎች ናቸው። ሆኖም ገበሬው በአንድ ስም አይጠራቸውም፤ ከጉድጓድ የወጣ እህልና ከጎተራ የወጣ እህል የተለየ አጠባበቅና የተለየ አወጣጥ አላቸውና። በአንጻሩ ትልቁና ትንሹ ጎተራ ሁለት ስም አላስፈለጋቸውም። ልኩ በዓይን ይታያል።

መመዘኛውን በጥቂት ምሳሌዎች እንፈትነው።

የቀዳዳ ካርድ፦ እ.ኤ.አ. በ1890 በተካሄደው የአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ ሆለሪት በሠራው ማሽን አማካይነት ያገለገለ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮም በ80 ዓምድ የተከፈለው የአይቢኤም ካርድ እየተስፋፋ ሄደ። ፊደሉ የሚወከለው በቀዳዳዎች አቀማመጥ ነው። ቀዳዳው ይታያል፤ የሚወክለው ፊደል ግን አይታይም። ራሱን የቻለ አንቀጽ ይገባዋል።

ፍሎፒ ዲስክ፦ በ8 ኢንች (1971)፣ በ5¼ ኢንች (1976) እና በ3½ ኢንች (1981) ልክ የወጣ ነው፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሦስቱ ልኮች በማስመሪያ ስለሚለዩ አንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል፤ «ዲስኬት» የሚለውም ወደዚያው ይጠቁም። ነገር ግን በመልክ ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት የ3½ ኢንች ዲስኮች በሁለት ልዩ ሥርዐት የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። በቀደሙት ማኪንቶሾች በ800 ኪሎባይት ልክ የተጻፈውን የተለመደው የአይቢኤም ዓይነት ኮምፒዩተር ማንበቢያ አያነበውም ነበር። ይህ በዓይን የማይለይ ልዩነት በአንቀጹ ውስጥ ራሱን የቻለ ንዑስ ክፍል ይሻል። የዲስኩ ሥዕል ዛሬም በብዙ ሶፍትዌሮች ላይ «አስቀምጥ» ለሚለው ትእዛዝ ምልክት ሆኖ መቅረቱ ለአንቀጹ ሌላ ምክንያት ይሆናል።

ማይክሮፊልም፦ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። ቅጂው በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በኮሌጅቪል ይገኛል፤ ከሊቃውንቱ መካከል ጌታቸው ኃይሌ ዝርዝሩን በማዘጋጀት ሰፊ ድርሻ ነበራቸው። በምርምር ጽሑፎች «ኢኤምኤምኤል» ከሚለው ምሕጻር ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር የፊልሙ ቁጥር ነው። ማይክሮፊልም በማጉያ የሚነበብ ሥዕል ስለሆነ ስውር ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ስለ ፊልሙ «የፎቶግራፍ ቅጂ» በሚል አንቀጽ ሥር ማስረዳት ይቻላል፤ የራሱ አንቀጽ የሚያስፈልገው ለማይክሮፊልሙ ሳይሆን ለስብስቡ ነው። መመዘኛው ሁሉን የሚያስገባ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የግዕዝ ኮዶች፦ እያንዳንዱ የራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ ልዩነቱ ፈጽሞ ለዓይን አይታይም፤ የተጻፈባቸውም ሰነድ በየቢሮውና በየቤቱ አለ። ሦስቱንም ጥያቄዎች ያሟላሉ። በብዙዎች ግምት «ይህስ ምን አንቀጽ ያሻዋል?» የሚባለው ትንሹ ፎንት ከዝነኛው ማይክሮፊልም ይልቅ የራሱ አንቀጽ የሚገባው ሆኖ እናገኘዋለን።

7. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«እንዲህ ከሆነ መዝገበ ዕውቀቱ የሙታን መዝገብ ይሆናል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። መልሳችን መያዣው ቢሞትም በውስጡ ያለው አልሞተም የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር የደረሰው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1086 በብራና የተጻፈው የዶምስዴይ መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። መጽሐፉ የተጻፈበትን 900ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1986 ቢቢሲ ያዘጋጀው አዲስ ዶምስዴይ በሌዘር ዲስክ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ብርቅ ሆነ፤ ባለሙያዎችም የማሽኑን አሠራር በሌላ ኮምፒዩተር አስመስለው በመሥራት ማዳን ነበረባቸው። ያዳነው የዲስኩ ጥንካሬ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ተጽፎ የቀረው ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቦታና የጕልበት ነው። በኀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ምን ያህል የብዙ ሰው ድካም እንደጠየቀ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ሆኖም ራሱን የቻለ አንቀጽ ማለት ረጅም አንቀጽ ማለት አይደለም። አሥር መስመር ሊበቃ ይችላል። አሥሩ መስመር በሌላ አንቀጽ ሆድ ውስጥ ሲቀበርና በፊደል ተራው ሲገኝ ግን ለሚፈልገው ሰው ልዩነቱ ሰፊ ነው። የሚፈልገው ሰው የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነውና።

ሦስተኛው «ይህን የቴክኒክ መጻሕፍት ይሥሩት» የሚል ነው። የቴክኒክ መጽሐፍ የሚጻፈው መሣሪያውን ለሚጠቀም ሰው ነው፤ መሣሪያው ሲቀር መጽሐፉም ይቀራል። መዝገበ ዕውቀት የሚጻፈው ስሙን አግኝቶ ነገሩን ላላገኘ ሰው ነው።

8. የአንቀጹ አሠራርና የምልክት አሰጣጥ

ከላይ ያልነው በሥራ ላይ እንዲውል የሚከተለውን እናሳስባለን።

ሀ) ከሥራ ስለወጣ መያዣ የሚጻፍ አንቀጽ ቢያንስ አምስት ነገር ይያዝ፤ ስሙንና ሌሎች መጠሪያዎቹን፤ ቁሱን፣ አቋሙንና ሥርዐተ አጻጻፉን በየተራ፤ በሥራ ላይ የነበረበትን ዘመን፤ ከሚመስሉት የሚለይበትን፤ ቁልፉ የሚገኝበትን ስፍራ ወይም ባለሙያ።

ለ) «ያረጀ» የሚለው አንድ መለያ ለሁሉም አይበቃም። ሦስት መለያ ቢኖር ይሻላል፤ «የተተወ»፣ «በመተው ላይ ያለ» እና «ስሙ የፈለሰ»። የቀዳዳ ካርድ የተተወ ነው። ብራና በመተው ላይ ያለ እንጂ የተተወ አይደለም፤ ዛሬም የሚፍቁትና የሚጽፉበት አሉ። ማኅደር ደግሞ ስሙ የፈለሰ ነው። በሕይወት ያለውን ሙያ «ጥንታዊ» ብሎ መመዝገብ ባለሙያውን በቁሙ ከመቅበር አይተናነስም።

ሐ) የሙያ ቃላት የሚሰበሰቡት ነገሩ ከመቅረቱ በፊት ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ዛሬም የሚጠየቁት አዘጋጆቻቸው ያደጉበትን የቤተ ክህነት ትምህርትና ሙያ ቃላት ሙያው ሕያው ሳለ ስለመዘገቡ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉት ጸሐፍት፣ ጠራዦች፣ ደጓሾችና የዜማ መምህራን ከነቃላቸው ሊመዘገቡ የሚገባቸው ዛሬ ነው። የግዕዝ ፎንቶችን የሠሩ መሐንዲሶችም ብዙዎቹ ገና በሕይወት ስላሉ፣ ሠንጠረዦቻቸውን ከነማብራሪያው መቀበል ይቻላል።

9. ማጠቃለያ

ከሥራ የወጡ የመረጃ መያዣዎች ሁሉ የየራሳቸው አንቀጽ ይገባቸዋል አላልንም፤ በጅምላ ይጠቃለሉ የሚለውንም አልተቀበልንም። በልክና በመልክ ብቻ የሚለያዩት ተጠቃለው ይግቡ። በስውር ቁልፍ የሚለያዩት ግን፣ ትንሽም ቢሆኑ፣ ለየብቻ ይቁሙ። በድጓው ገጽ ላይ ያለችው ደቂቅ ፊደልና በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ የቀረው የአማርኛ ደብዳቤ የሚጠይቁን አንድ ነው፤ ቁልፉ የት እንዳለ የሚነግር ሰው። መዝገቡ ሊነግር የሚችለው አዘጋጁ ቃሉን በተራው ያስገባው እንደሆነ ነው። ስለዚህ የሥራ ጓደኞቻችን በየክፍላቸው የሚያገኟቸውን የመያዣ ስሞች ከላይ በተሰጡት ሦስት ጥያቄዎች እየመዘኑ እንዲያቀርቡ እናሳስባለን።